እህቴ የተከራየችው ወር

እህቴ አረብ አገር አሥራ አራት ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ የተመለሰችው ጦርነቱ ወደ እኛ በተጠጋበት ጥቅምት ነው። እኔና እናታችን ሐይቅ ነበርን። ደውላ «ገብቻለሁ፣ አዲስ አበባ ነኝ» ስትል እናታችን የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ አላህን አመሰገነች። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«መቼ ነው የምትመጪ?»

«እኔ አልመጣም እማ። እናንተ ናችሁ የምትመጡ። ቦሌ ቤት ተከራይቻለሁ።»

«የምን ቤት? ቤትሽ እዚህ ቁጭ ብሎ?»

«ዕቃው የተሟላ አፓርታማ ነው። የሚጠርገው፣ የሚያነጥፈው፣ የሚያጥበው ሰው ከነቤቱ አለ። የአንድ ወር ከፍዬ ጨርሻለሁ።»

እናታችን ምን ነካት በሚል ዓይን አየችኝ። ቤትሽ ያለችው እህቴ በላከችው ደሞዝ የተሠራውን፣ ከሐይቁ ዳር ከፍ ብሎ ያለውን የብሎኬት ቤት ነው። እህቴ ያንን ቤት በእግሯ ረግጣው አታውቅም። ያለቀ ቀን እኔ ስልኬን ይዤ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ አሳይቻታለሁ፤ እሷም አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ እያየች «መስኮቱን ደግሞ አሳዪኝ፣ ጣሪያውን ደግሞ» ትለኝ ነበር።

ስትሄድ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባታችን በሞተ በዓመቱ ነው። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ትምህርቷን አቋርጣ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ሄደች። ከዚያ ወዲህ የለበስኩት፣ የተማርኩበት፣ በኋላም አስተማሪ የሆንኩበት ነገር ሁሉ ከእሷ እጅ የመጣ ነው። በመሐል አልመጣችም። መጀመሪያ አሠሪዎቿ አልለቋትም፣ ኋላ ወረቀቷ ተበላሸ። ለውጡ የመጣ ጊዜ በደስታ እየጮኸች ደውላ «አሁንስ አገር ሆነ፣ እመጣለሁ» ብላ ነበር። እኛም ግድግዳውን ቀለም አስቀብተን ጠበቅናት። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቀለሙም ደበዘዘ።

በዚያ ጥቅምት እኔም ሥራ አልነበረኝም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከወልድያና ከአምባሰል በኩል በተፈናቀሉ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። እኔ ፊደል የማስቆጥርበት ክፍል ውስጥ አምስት ቤተሰብ ይተኛ ነበር። እናቴ ግን ከቤቷ መነቃነቅ አልፈለገችም። ዕድሜዋን በሙሉ ሐይቅ ገበያ ላይ ማሽላና ማሾ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሄድ አይገባትም። «ልጄን ዓይቼ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ» ብላ ነው የተነሳችው። የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤታችን ሰጠች። ጎረቤታችን ወላጆቿ ከአምባሰል ደጋ የወረዱ ክርስቲያን ናት። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች በገበያ ዓሣ እየጠበሰች ታሳድጋለች። አጥራችን አንድ ነው፤ በመሐሉ ባለች ቀዳዳ እሳትም እርሾም እንለዋወጥበታለን።

«ቤቱን አደራ» አለቻት እናቴ።

«ሦስት ቀን አይደል እትዬ? ሂዱና ልጅዎን ይሳሙ።»

በሚኒባስ ደሴ፣ ከደሴ በአውቶቡስ ሄድን። እናቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ትልቅ ዘንቢል ፓፓያ እግሯ ሥር አድርጋ ነው የተቀመጠች።

እህቴ ሕንፃው በር ላይ ጠበቀችን። አላወቅኋትም ብል ውሸት ነው፤ ግን ለመሳም ስጠጋት እኔ የማስታውሳት ልጅ ትሆናለች ብዬ ነበር። ፊቷ ላይ የድካም መስመር የገባባት፣ እጇ የሻከረ ትልቅ ሴት ናት ያቀፈችኝ። እናቴ ደግሞ አገጯን ይዛ ፊቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ለረጅም ጊዜ አየቻት። ጥበቃው ፊቱን አዞረልን።

ከዚያ እህቴ ፓፓያውን ተሸክማ ወደ ውስጥ መራችን። ሊፍቱን አልፋ፣ መጨረሻው ላይ ያለ አንድ የብረት በር ከፍታ ደረጃውን ጀመረች። እኔ በሩ ላይ «ለሠራተኞች ብቻ» የሚል ጽሑፍ አየሁ።

«በዚህ ነው እንዴ?» አልኳት።

ቆመች። ጽሑፉን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «አይደለም» አለች። «እግሬ ነው የወሰደኝ።» ተመልሰን በሊፍቱ ወጣን።

ቤቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ነጭ ሶፋ፣ ግድግዳውን የሚያክል ቴሌቪዥን፣ ሦስት ማዕዘን ተደርገው የታጠፉ ፎጣዎች። ጠረጴዛው ላይ የቤቱ ደንብ የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ አንዱ መስመር ከአራት ሰው በላይ ማደር አይቻልም ይላል። እናቴ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቃ መስገጃዋን አነጠፈች። ሰግዳ ስትጨርስ እህቴ ሁለታችንንም ሶፋው ላይ አስቀመጠችን።

«ስሙኝ። እዚህ ቤት ውስጥ ማናችንም ምንም አንነካም። ሰሃን አናጥብም፣ አልጋ አናነጥፍም፣ መጥረጊያ አናነሳም።»

«እጃችን ታስሮ ልንቀመጥ ነው?» አለች እናቴ እየሳቀች።

እህቴ አልሳቀችም። «አዎ እማ። አንድ ወር። ከዚያ ቤቴን አያለሁ።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጦርነቱ ግማሹ ምክንያት ነው። ሌላው ግማሽ አሥራ አራት ዓመት ስታስበው የኖረችው ነገር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ግራጫ ዩኒፎርም የለበሰች፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ባልዲና መወልወያ ይዛ ገባች። የፎቁ ጽዳት ሠራተኛ ናት። እህቴ ሶፋው ላይ እግሯን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። ድምፅዋ ተቀየረ። ቀጭን፣ ቀዝቃዛ ድምፅ ሆነ።

«ከመታጠቢያ ቤቱ ጀምሪ። ከዚያ ምንጣፉን።»

ሴትዮዋ «እሺ እመቤት» ብላ ሠራች። ስትጨርስ እህቴ ተነሳች፤ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄዳ በእግሯ ጣቶች ቆመችና የበሩን መቃን አናት በጣቷ ጠረገችው። ጣቷን ለሴትዮዋ አሳየቻት።

«ይኼስ?»

ሴትዮዋ ወንበር ስባ ወጥታ ወለወለችው። እኔ ከእፍረቴ የተነሳ መስኮቱን ሳይ ነበር። እናቴ ተነስታ መኝታ ቤት ገባችና ሴትዮዋ እስክትወጣ አልተመለሰችም።

በሩ ሲዘጋ ወጣች። «ማን ናት?» አለች።

«ማን እማ?»

«ያቺ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የነበረችዋ። እኔ አላውቃትም።»

እህቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፈተችው። ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። እናታችን እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«የእሷን ድምፅ ነው ያወጣሁ» አለች። «የመጀመሪያዋን እመቤቴን። በየቀኑ በሩ ላይ በጣቷ ትሄድ ነበር። እኔ ደግሞ ቆሜ፣ አንድ ቀን እኔም እንደዚህ እላለሁ እል ነበር።»

«አልሽ። ደስ አለሽ?»

«አላለኝም።»

እናቴ ጸጉሯን ዳሰሰቻት።

በማግስቱ እህቴ ሱብሒ ሰግዳ አልተኛችም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ቤቱ ያንጸባርቅ ነበር። አልጋው ተነጥፏል፣ መታጠቢያ ቤቱ ተፈትጓል፣ የበሩ አናት ሳይቀር ተወልውሏል። ሴትዮዋ ገብታ ዙሪያውን አየችና ባልዲዋን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች። «እባክዎት፣ ለአለቃዬ አይንገሩብኝ። እንግዳ ራሱ አጽድቶ ሲገኝ ቅሬታ አለ ይሉናል።»

እህቴ ደነገጠች። ደግ የሠራች መስሏት ነበር። ሄዳ ባልዲውን ከእጇ ተቀበለቻት።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ነኝ። ለትናንትናው አውፍ በይኝ። እኔም እኮ እንደ አንቺው ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ይኼንኑ ስሠራ ኖሬ ነው የመጣሁ።»

ሴትዮዋ የምትቀልድባት መስሏት ነበር። እህቴ እጆቿን ዘርግታ አሳየቻት፤ ሳሙናና በረኪና የበላቸው ጣቶቿን። ሴትዮዋ የራሷን እጅ አየች። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ተካፈሉት። ሴትዮዋ አልጋውንና መታጠቢያ ቤቱን ትሠራለች፣ እህቴ ወጥ ቤቱን። ለእኛ ቤት የተሰጣት ሰዓት ሳያልቅ ሥራው ያልቃል። በቀረው ሰዓት ሴትዮዋ ትቀመጣለች። መጀመሪያ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ነበር፤ እናቴ «ደገፍ በይ እንጂ፣ ወንበሩ አይነክስም» እያለቻት ለመደች። የሰላሌ ልጅ ናት። ባሏ ጥሏት ሄዶ ታናሽ እህቷን እያስተማረች ትኖራለች። እናቴ ፓፓያ እየቆረጠች ትሰጣታለች፤ እሷም ዘሩን ሳይቀር በወረቀት ጠቅልላ ግቢዬ ውስጥ እተክለዋለሁ ብላ ወሰደች።

በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ መወልወያዋን አስደግፋ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት እህቴን። ያኔ አንቺ መባባል ጀምረው ነበር። «ታናሼ አረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። የሄዱት ሁሉ ሲመለሱ ጥሩ ነው ይላሉ። እውነቱን ንገሪኝ።»

እህቴ እኔንና እናቴን ገልመጥ አድርጋ አየችን። የምትተወው መስሎኝ ነበር። ነገረቻት።

መጀመሪያ ቤት የተኛችው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በማሽኑና በመደርደሪያው መሐል ነው። እግሯን መዘርጋት አትችልም ነበር፤ ሁለት ዓመት ተጣጥፋ ነው የተኛች። አሠሪዎቿ ለዕረፍት ሲሄዱ ሩዝና ዳቦ ትተውላት በውጭ ቆለፉባት። አሥራ አንድ ቀን። ስልክ አልነበራትም። ድምፅዋ እንዳይጠፋባት ፈርታ ሠርግ ላይ የሰማችውን ዘፈን በአምባሰል ስልት እያንጎራጎረች ከግድግዳ ግድግዳ ትሄድ ነበር። ታማ ስትወድቅ ደግሞ ሆዷን እያሳየች ሳለ የራባት መስሏቸው ምግብ አቀረቡላት። ይኼን ስትናገር እሷ ራሷ ትንሽ ሳቀች።

«ሁሉም እንደዚያ አይደለም» አለች ቀጥላ። «የመጨረሻው ቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያስታመምኳቸው። ሌላ ሰው ካጎረሳቸው አይበሉም። ቁርአን አስቀርተውኛል። ሲሞቱ ሴት ልጆቻቸው አንቺም ልጃቸው ነሽ ብለው አብሬ አጠብኳቸው። ለእሳቸው ያለቀስኩትን ለማንም አላለቀስኩም።»

የእናቴ ሙስበሃ፣ መቁጠሪያዋ፣ ከጭኗ ላይ ወድቆ ነበር፤ አላነሳችውም።

«በስልክ ደህና ነኝ ነበር እኮ የምትይኝ» አለቻት።

«ደህና ነበርኩ እማ። የምደውልልሽ ደህና የሆንኩ ቀን ነው።»

እኔ በዚያን ሰዓት የነበረኝን ስሜት እስካሁን በደንብ መናገር አልችልም። እህቴ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተጣጥፋ በተኛችባቸው ዓመታት እኔ ጫማ በቀለሙ መርጬ ልካልኝ አውቃለሁ። አንድም ቀን የት ነው የምትተኚው ብዬ አልጠየቅኋትም። ባዕድ ሴት መወልወያ ይዛ ጠየቀቻት።

«እንግዲህ ትሂድ ወይስ ትቅር?» አለች ሴትዮዋ።

«ሂጂም ቅሪም አልላትም። እኔ ሄጄ ይቺን አስተምሬያለሁ» አለች እህቴ ወደ እኔ እያየች። «ግን ከሄደች ቁጥሬን ይዛ ትሂድ። ደህና ባልሆነችበት ቀንም ትደውልልኝ።»

የእናቴ ሦስት ቀን ሁለት ሳምንት ሆነ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለጎረቤታችን እንደውላለን። መጀመሪያ ላይ ከተማው ሰላም ነው ትለን ነበር። ቀጥሎ ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ እንደሚሰማ ነገረችን። አንድ ቀን ደግሞ ሰዉ እየወጣ ነው አለች።

«ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ» አለቻት እናቴ።

«ቤታችሁስ እትዬ? አደራ ብለውኝ?»

«ቤቱ ድንጋይ ነው! ልጆቹን ይዘሽ ውጪ እልሻለሁ!»

እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ስልኩ አልሠራም አለ። ቀጥሎ ሐይቅም ደሴም ተያዙ ተባለ። ያ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን የምናውቀውን መንገድ እያሳየን ሁላችንም ቆመን ቀረን፤ እናቴ ዝጉልኝ አለች። ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም። እናቴ በረንዳው ላይ ወንበሯን አውጥታ መቀመጥ ጀመረች። ከታች ካፌዎቹ ሞልተዋል፣ መኪናው ይተራመሳል፣ ሰው የልደት ኬክ ይዞ ያልፋል። «እነዚህ አልሰሙም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ አንድ ቀን፤ በቁጣ አልነበረም፣ የምር ነው የጠየቀችኝ። ሰምተዋል አልኳት። ሴትዮዋ በየጠዋቱ ገና ሳትገባ በሩ ላይ ሆና «ተገኙ?» ትላለች። እህቴ ራሷን ትነቀንቃለች።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። በአሥረኛው ቀን ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። ጎረቤታችን ነበረች፣ በሰው ስልክ፣ ከደብረ ብርሃን።

«አለን» አለች። «ሦስታችንም አለን።»

እህቴ ስልኩን ቀማችኝ። ጎረቤታችንን በድምፅ እንኳ በደንብ አታውቃትም። «ነገ መኪና ያዙና ወደዚህ ኑ» አለቻት። «የምትወርዱበት ድረስ እመጣለሁ።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከእህቴ ጋር ከሕንፃው እንግዳ መቀበያ ደረሱ። እኔም ወርጄ ነበር። ጎረቤታችን ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አስራ፣ ትንሿን ልጅ አዝላ፣ ትልቋን እጇን ይዛ ቆማለች። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እኔ ያስተማርኳት ልጅ ናት። የሁለት ሰው ጫማ ነበር ያደረገች፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቡኒ። እግሯ አብጦ ከጫማው ተርፏል።

እንግዳ ተቀባዩ ሸሚዙ ላይ ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ነው። «እመቤት፣ ደንቡን ያውቁታል» አለ ለእህቴ። «ከአራት በላይ አይቻልም። እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

እህቴ ልትከራከረው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ወደ ልጅቷ እግር እያየ ነበር። ከዚያ የጎብኚዎች መዝገብ የሚሉትን ትልቅ ደብተር አወጣ። የጎረቤታችንን ስም ጻፈ፣ የመግቢያ ሰዓት ጻፈ። የመውጫ ሰዓት የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ዘጋ።

«ይኼን ስትወጡ እንሞላዋለን» አለ። «መቼም ይሁን።»

ላይ ስንደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጎረቤታችን ገና ሳትሳሳም ከወገቧ አንድ ቋጠሮ ፈታችና ቁልፋችንን አወጣች።

«ቆልፌው ነው የመጣሁ፣ እትዬ።»

እናቴ ቁልፉን አልተቀበለቻትም። አቀፈቻት፤ ሁለቱም ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እህቴ ትንሿን ልጅ ከጀርባዋ አውርዳ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻት። ነጩን ገንዳ ሙቅ ውኃ ሞልታ አስገባቻት። ውኃው ወዲያው እንደ ክረምት ወራጅ ደፈረሰ። ሁለቴ ቀየረችላት። በሦስተኛው ልጅቷ ገንዳው ውስጥ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፤ እህቴም ራሷን በክንዷ ደግፋ፣ ቀሚሷ ረጥቦ፣ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳትነቃነቅ ተንበርክካ ቆየች።

ጎረቤታችን መንገዱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው የነገረችን። በአርዲቦ በኩል በእግራቸው ወጥተው፣ እዚያ የማያውቋቸው ገበሬዎች ሁለት ቀን አሳድረዋቸዋል። የቤቱ እማወራ ሙስሊም ናት፤ ሥጋችንን እንደማትበሉ አውቃለሁ ብላ በቆሎ እሸት ጠብሳ ሰጠቻቸው። ከዚያ አንዴ በጭነት መኪና፣ አንዴ በእግር። ትልቋ ልጅ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ተበጥሶ ሌላ የወደቀ አንስታ አደረገች።

በማግስቱ ጠዋት የጽዳት ሴትዮዋ ብርድ ልብስና ፎጣ ተሸክማ መጣች። ማንም አልጠየቃትም። እንግዳ ተቀባዩ ነግሯት ነው። ባየችን ጊዜ «ተገኙ!» ብላ ብርድ ልብሱን እንደያዘች እናቴን ሳመቻት።

የእህቴ ደንብ በዚያው ቀረ። ማንም ሻርነው አላለም። ስድስት ሰው ይበላል፣ ስድስት ሰው ይታጠባል፤ እህቴ ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤት ናት። ክርስቲያኖቹ የኛን ሥጋ አይበሉ፣ እኛ የእነሱን አንበላ፤ ስለዚህ እናቴ እነሱ እስካሉ ድረስ ሥጋ እዚህ ቤት አይገባም አለች። ሽሮና ምስር፣ አንዳንዴ ድንች፣ ስድስታችንም ከአንድ ትሪ። የጽዳት ሴትዮዋ ሰዓቷ ከደረሰም አብራ ትጎርሳለች። እህቴ ትሪውን ስታቀርብ ያ ቀዝቃዛ ድምፅ ጨርሶ አልነበረም። «ብሉ እንጂ፣ ልሙትላችሁ» ትላለች፤ ከወሎ ወጥታ የማታውቅ ነው የምትመስል።

ወሩ ሲያልቅ ሐይቅ ገና አልተለቀቀችም። ለሌላ ወር የሚሆን አልነበረንም። የጽዳት ሴትዮዋ ናት መላ ያመጣች። እሷ በተከራየችበት ግቢ፣ ከከተማው ዳር፣ ሁለት ክፍል ባዶ ነበር። አከራይዋን አናግራ ጨረሰችልን። ልንወጣ ዕቃችንን ስንሰበስብ እህቴ መጥረጊያ አንስታ ሳሎኑን መጥረግ ጀመረች። ሴትዮዋ መጥታ መጥረጊያውን ያዘችባት።

«አምጪ። ይኼ የኔ ነው።»

«ስድስት ሰው ያቆሸሸውን ብቻሽን?»

«እንግዳዬ ነሽ። ወሩ ዛሬ ማታ ነው የሚያልቅ። ተቀመጪ።»

እህቴ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሴትዮዋ ስትጠርግ አየቻት፤ ስታያት እንባዋ ይወርድ ነበር። ያን ቀን ነው እውነተኛ እንግዳ የሆነችው። ከታች እንግዳ ተቀባዩ ደብተሩን አውጥቶ የመውጫ ሰዓት ጻፈ፤ ለልጆቹም ከረሜላ ሰጣቸው።

በግቢው ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ኖርን። የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። እናቴ ግን ከቦሌው ይልቅ እዚያ ተመቻት፤ በሁለተኛው ቀን የጎረቤቱን ሁሉ ስም አወቀች። የሴትዮዋን ታናሽ እህትም እዚያ ነው ያገኘናት፤ ከእህቴ ጋር ደጅ ተቀምጠው ልብስ እያጠቡ ሲያወሩ ይውላሉ።

ሐይቅ ተለቀቀች ሲባል መንገዱ እንደተከፈተ ሄድን። የቤታችን በር ተገንጥሏል። ፍራሽ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ የእናቴ እህል ተወስዶ የቀረው ወለሉ ላይ ተበትኗል። እኔ በእህቴ ፋንታ ነው ያዘንኩ፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው ወለሉ ላይ የተበተነ። እሷ ግን ከክፍል ክፍል እየዞረች ግድግዳውን በእጇ ትዳስስ ነበር። የኋለኛው ክፍል ውስጥ ሆና ጠራችኝ።

«ከስልኩ ይሰፋል እኮ» አለች።

ሦስት ቀን ጠረግን። እናቴ፣ እህቴ፣ ጎረቤታችን፣ እኔ፣ ልጆቹም። ጎረቤታችን ቤት ብረት ምጣዷን ሳይቀር ወስደውባታል። ትምህርት ቤቴ ወንበሮቹ ተማግደው ስለነበር ልጆቹን በድንጋይ ላይ አስቀምጬ ነው የጀመርኩ።

እህቴ አልተመለሰችም፤ ወደ አረብ አገር ማለቴ ነው። በቀራት ነገር ምጣድና ዘይት ገዝታ ከጎረቤታችን ጋር መንገዱ ዳር፣ የወልድያ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት አጠገብ፣ ዓሣ መጥበስ ጀመሩ። ረፋድ ላይ ከሐይቁ የመጣውን ዓሣ እህቴ ትገፍፋለች፣ ጎረቤታችን ትጠብሳለች። ይጣላሉ፣ ጨው በዛ አነሰ እያሉ። የጽዳት ሴትዮዋ ታናሽ እህት በመጨረሻ ሄደች። እህቴ ያስታመመቻቸው የአሮጊቷ ሴት ልጅ ቤት ነው የገባች፤ እህቴ ራሷ ደውላ ነው ያነጋገረችላት። ዓርብ ዓርብ ይደዋወላሉ። አንዳንዱ ዓርብ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ጥሩ አይደለም።

እናቴ ገበያውን ትታለች፣ ጉልበቷ አልቻለም። ከሁለቱ አጠገብ ዣንጥላ ሥር ትቀመጣለች። ከአረብ አገር የምትመለስ ሴት በአለባበሷም በሻንጣዋም ታስታውቃለች፤ ከሚኒባስ ስትወርድ እናቴ ከሩቅ ትለያታለች። «ነይ እስቲ እዚህ» ብላ ትጠራታለች፣ በርጩማ ትሰጣታለች፣ ዓሣ ታስቀርብላታለች። ከዚያ «የት ነበር የምትተኚው?» ብላ ትጠይቃታለች። መጀመሪያ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ጥቂቶቹ ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ዓሣቸውን በልተው፣ አመስግነው፣ ሻንጣቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።